የማይዘጋ ሒሳብ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገርጂ ጸጥ አይልም። አውሮፕላን ይወርዳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ከአጥር ማዶ ያለውን ጅምር ሕንፃ የሚጠብቀው ዘበኛ ብርድ ሲበዛበት እየተንጎራደደ ያስላል። እኔ ደግሞ ጀርባዬን ተንጋልዬ ኮርኒሱ ላይ ሒሳብ እሠራለሁ። ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የእናቴ የግፊት መድኃኒት፣ ለእቁብ የሚጣል። እደምራለሁ፣ አይገጥምም። እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። አከራዬ ባለፈው ሳምንት በሩን አንኳኩተው «ዘመኑን ታየዋለህ መቼም» ብለው ሄደዋል፤ ሌላ አልተናገሩም። ያላሉትን ነው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የምደምረው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ካለች አንዲት የጀበና ቡና ቤት ሄድኩ። ቤት ማለት ሸራ፣ አራት በርጩማ፣ ከሰል የያዘ ምድጃና የቄጤማ ጉዝጓዝ ነው። ደንበኞቿ ሁሉ «እናት» ነው የሚሏት፣ ከአብዛኞቻችን ግን በዕድሜ ታንሳለች።

«ደህና አደርክ?» አለችኝ ሲኒ እያጠበች።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዐይንህ እንቅልፍ ያየ አይመስልም።»

አጠገቤ የተቀመጠው የራይድ ሹፌር ሳቀ። «የማን ዐይን አይቷል ብለሽ ነው?»

ሰላምታችን ይህን ለመደበቅ የተሠራ ይመስላል። ሰው እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ይላል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅም ደህና ነኝ ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ነው «ብቻ ትንሽ ሐሳብ...» የሚለው። ቃሉን ልብ በሉልኝ። በሽታ አላለም፣ ፍርሃትም አላለም። ሐሳብ ነው ያለው። ሐሳብ ያዘኝ፣ ሐሳብ ገባኝ፣ ሐሳብ ጣለኝ ይላል አማርኛችን፤ ሰውየው ሐሳቡን የሚያስብ ሳይሆን ሐሳቡ ሰውየውን የሚያሳድድ አድርጎ። የቃሉ ሥር ግዕዙ «ሐሰበ» ነው፤ ማሰብም መቁጠርም ማለት ነው። ሐሳብና ሒሳብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ሐሳብ ማለት ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድ የቦሌ ተከራይ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ሐሳብ ይዞኛል» ሲል፣ ሳያውቀው በግዕዙም ትክክል ነው። ሒሳብ እየሠራ ነው። ችግሩ ሒሳቡ አለመዘጋቱ ነው።

ባለ ቡናዋ የዱቤ ደብተር አላት። ማን ስንት ሲኒ እንደጠጣ፣ ማን ደመወዝ ሲወጣ እንደሚከፍል ከፊት ከፊት ትጽፍበታለች። አንድ ቀን ስልኬን ለመጻፍ ወረቀት ጠየቅኳትና ደብተሩን ገልብጣ ከኋላ ሰጠችኝ። ከኋላም ተጽፎበታል። «የቤት ኪራይ። የልጁ ሳል። ወንድሜ አልደወለም። ደንብ አስከባሪ።» ከአንዳንዱ ጎን ጭረት አለ፣ ከአንዳንዱ ጎን የለም።

«ይኼ ደግሞ የማን ዱቤ ነው?» አልኳት።

«የኔ ነዋ» አለች። «የሚከፈለው ከፊት፣ የማይከፈለው ከኋላ።»

ማታ ዕቃዋን ሰብስባ፣ ልጇን አብልታ፣ ከመተኛቷ በፊት ትንሽ ቀደም ብላ ትቀመጥና የቀኑን ሽያጭ ትደምራለች። ያኔ ነው ገልብጣ ከኋላ የምትጽፈው። ነገ ልታደርገው የምትችለው ነገር ካለ አጠገቡ ትጽፋለች፣ «ጤና ጣቢያ ጠዋት» ብላ። ምንም ማድረግ የማትችለው ከሆነ እንዲሁ ትተወዋለች። ከዚያ ደብተሩን ትዘጋለች። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣባት «ተጽፈሃል» ትለዋለች። ይህን ስትነግረኝ ራሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

በ1983 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ስለዚሁ ነገር አንድ ጥናት አሳትሟል። ዘዴው እጅግ ቀላል ነው። ሐሳብ የሚያበዛ ሰው በየቀኑ አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ ይመርጣል፤ ግማሽ ሰዓት እዚያ ተቀምጦ እንደልቡ ይጨነቃል። በቀረው ቀን ሐሳቡ ሲመጣ ቀጠሮውን አስታውሶ ያዘገየዋል። አልጋ ላይ ግን ክልክል ነው፤ አልጋ የእንቅልፍ እንጂ የስብሰባ ቦታ አይደለምና። አታስብ የተባለ ሰው የባሰ ያስባል፤ በኋላ ታስባለህ የተባለ ግን ትንሽ ይታገሣል። አእምሮ ሐሳቡን ደጋግሞ የሚያነሣው እንዳይረሳ ስለሚፈራም ጭምር ነው፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ አይረሳም። የገርጂዋ ባለ ቡና ቦርኮቬክን አታውቀውም። ነጋዴ ስለሆነች ቀን ሲያልቅ ሒሳብ እንደሚዘጋ ብቻ ነው የምታውቀው።

እዚህ ላይ ግን ቶሎ ብዬ አንድ ነገር ልበል። ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው ደብተር አይከፍልለትም። በዚህች ከተማ በትኬት የሚገባባቸው አዳራሾች ውስጥ ማይክ ይዘው «ጭንቀት የአመለካከት ጉዳይ ነው» የሚሉ አነቃቂ ተናጋሪዎች ሞልተዋል። እውነት የአመለካከት ጉዳይ ከሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደርጎ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ሲሻገር የዘይት ዋጋም አመለካከቱን ቀይሮ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸድቋል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና አከራይ በፈለገው ጊዜ ዋጋ እንዳይጨምር ይደነግጋል። ይህ አዋጅ ለእኔ ከስንት የትንፋሽ ልምምድ ይበልጣል፤ ከአከራዬ ዝምታ ይልቅ በወረቀት የተጻፈ ነገር ስላለ። ሐሳብን መቆጣጠር የሚባለው ነገር ግማሹ ከጭንቅላት ውጭ ነው ያለው፤ ውልን ማስመዝገብ፣ ለእቁብ ሰብሳቢ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መናገር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ከጳጉሜን በፊት ተከፋፍሎ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ። የቀረው ግማሽ ነው የትንፋሽና የደብተር።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። ዕድሜው 40 ቢሞላ ነው። የሚነዳው አሮጌ ቪትዝ ነው፤ ግማሹ በእቁብ፣ ግማሹ ከአማቹ በተበደረው ብር የተገዛ። ቡናውን ሳይጨርስ ሁለት ጊዜ ስልኩ ጠራና ሁለቱንም ሰረዘ።

«ለምን?» አልኩት።

«ወደ መገናኛ በቀለበት መንገድ የሚያስኬድ ነው።»

ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ ተሳፋሪ ጭኖ ሲሄድ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ እንዳለ ልቡ ድው ድው ማለት ጀመረ። ትንፋሹ አጠረው፣ እጁን ላብ አጠመቀው፣ ጣቶቹን ነዘረው። «ሞትኩ አልኩ» ይላል። «ልጆቼ ናቸው የታዩኝ።» መውጫው ሩቅ ነው፤ ግራና ቀኙ የብረት አጥር ነው። ተሳፋሪውን እንዴት እንዳደረሰው አያውቅም።

ከዚያ የጀመረው የሐኪም ጉዞ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደ፤ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ነው ተባለ። (ይህች ከተማ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ሁሉ ታይፎይድ የሚሆንባት ከተማ ናት፤ ታይፈስም አብሮ ከመጣ ደግሞ ምርመራው ተሟላ ማለት ነው።) አንድ ሳምንት መርፌ ተወጋ። አልተሻለውም። ሁለተኛው ጋ ጨጓራ ተባለ፤ ቡናና በርበሬ ተከለከለ፤ ቡናውን ሁለት ቀን ቻለ። ሦስተኛው ጋ የልብ ምርመራ ተደረገለትና ሐኪሙ ወረቀቱን እያሳየ «ልብህ ንጹሕ ነው፤ ሂድና ሥራህን ሥራ» አለው። ንጹሕ መባሉ ደስ ሊያሰኘው ሲገባ የባሰ ፈራ። ልብ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ሰውነት ውስጥ የሆነው ይህ ነው። አንጎላችን ውስጥ፣ ከጆሮ ትይዩ ገባ ብሎ፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች። ሥራዋ ዘበኝነት ነው። አደጋ የመሰላትን ነገር ስታይ አመዛዛኙ የአንጎል ክፍል ነገሩን እስኪያጣራ አትጠብቅም፤ ጡሩምባውን ትነፋለች። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት እጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሮጣል። ከፊት ጅብ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ በረከት ነበር። ጅብ በሌለበት ግን ትንፋሹ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚበዛ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሣ ጣት ይነዝራል፣ ራስ ያዞራል። ሰውየው ንዝረቱን አይቶ «ይኸው ሞቴ» ይላል። ዘበኛዋ ይህን ትሰማና ጡሩምባውን አጠንክራ ትነፋለች። ሐኪሞች ድንገተኛ የድንጋጤ ጥቃት የሚሉት ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ላይ ደርሶ ይወርዳል፤ አይገድልም። ሲሆን ግን ማንም ይህን አያምንም።

ከጥቃቱ የባሰው ከጥቃቱ በኋላ የመጣው ነው። ሹፌሩ ቀለበት መንገድን ተወ። በመጀመሪያው ቀን በውስጥ መንገድ ዞሮ ሲሄድ ልቡ ጸጥ አለለት፤ እፎይ አለ። እዚያች እፎይታ ውስጥ ነው ወጥመዱ። አንጎሉ «አየህ፣ ስለሸሸሁ ዳንኩ» ብሎ መዘገበ። በሳምንቱ ድልድይ ያለበትን መንገድ ተወ፤ ከዚያ የሲኤምሲን መንገድ በመጨናነቂያ ሰዓት ተወ። ሽሽት ወለዱ ከባድ የሆነ ብድር ነው፤ ዛሬ የገዛላችሁን ሰላም ነገ እጥፍ አድርጎ ያስከፍላችኋል። የሹፌሩ ገቢ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ እውነተኛው ሒሳብ መጣና ከሐሰተኛው ፍርሃት ጋር ተጋጠመ፤ የአማቹ ብድር።

አንዲት ተሳፋሪው፣ ነርስ ነበረች አለኝ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ላቡን አይታ «ወንድሜ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋገርክ? የልብ አይደለም የምልህ» ባትለው እስከዛሬ ጨጓራ ሲያክም ይኖር ነበር። የአእምሮ ሐኪም ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣው አማኑኤል ነው። የሁላችንም እንደዚያው ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን መርካቶ አካባቢ የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ ስሙም በየመንደሩ መሳደቢያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ተራ ጭንቀት የያዘው ሰው ሐኪም ጋ ሂድ ሲባል «አበድኩ እንዴ?» ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ያኔ የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከቀደሙት አንዱ፣ ፕሮፌሰር መስፍን አርዓያ፣ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንን እንዲመሩ በ2014 ዓ.ም. ተሾሙ። ምርጫው ታስቦበት ይሁን አይሁን፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ለአገሩ ስሜት የተገባ ነው።

ሹፌራችን በመጨረሻ የሄደው በዚሁ በምሥራቁ በኩል ወዳለ ሆስፒታል ነው። በዚህ አቅጣጫ ካሉት ተቋማት አንዱ የካ ኮተቤ ነው። ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ የተሠራው ይህ ሆስፒታል መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር የወረርሽኙ ማከሚያ ሆነ። ለጭንቀት የተዘጋጀው አልጋ የጭንቀቱን ምክንያት አስተናገደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ እንደጨመረ ገልጿል። ከዚያም በፊት፣ በ2019 እንደ አውሮፓውያኑ፣ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች 301 ሚሊዮን ነበሩ፤ ሕክምና የሚያገኘው ከአራት አንድ ያህሉ ነው።

ጭንቀት የቦሌ የፎቅ በሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ ገጠር ያለው ሰው አየሩም ሐሳቡም ንጹሕ ነው ይላሉ። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች፣ እነ ዶክተር አታላይ ዓለምና ደረጄ ከበደ፣ ሁለቱንም አይተውታል። አዲስ አበባ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው የአእምሮ ጭንቀት የተገኘባቸው 11.7 በመቶ ነበሩ። ቡታጅራ ገጠር ላይ ደግሞ 17 በመቶ ገደማ። ገጠሩ በለጠ! መጠይቁ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍርሃት አይደለም፣ ራስህን ያምሃል ወይ ነው የሚለው። ቀጥሎ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ሆድ ይጠይቃል። አያቶቻችን ይህን መጠይቅ ሳያዩ «ሆዴን ባር ባር አለው» ይሉ ነበር፤ ጭንቀት ሆድ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃሉ።

ሐኪሙ ለሹፌሩ መጀመሪያ የነገረው በሽታው ስም እንዳለው ነው። ይህ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው ይላል እሱ። ሁለተኛ የታይሮይድ እጢና የደም ማነስ እንዲመረመር አዘዘለት፤ ሁለቱም ጭንቀት መስለው ይመጣሉ። ሦስተኛ ስለ ቡናና ስለ ጫት ጠየቀው። ሌሊት ለመሥራት ይቅም ነበር፤ ምርቃናው ሲወርድ ዱካኩ ምን እንደሚያደርግ ላየ ሰው መንገር አያስፈልግም። አራተኛ ቀለበት መንገድ ላይ የቤት ሥራ ሰጠው።

የቤት ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ያለ ተሳፋሪ አንድ መውጫ ያህል ብቻ ይነዳል። ልቡ ሲመታ አይሸሽም፤ ፍርሃቱ ራሱ ወጥቶ ራሱ እስኪወርድ እየነዳ ይቆያል። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት መውጫ። በሦስተኛው ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንጎሉ የመዘገበውን ይሰርዛል፤ አልሸሸሁም፣ አልሞትኩምም የሚል አዲስ መዝገብ ይጻፍበታል። ደግሞ ትንፋሽ፤ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማውጣት። ዋናው ማውጣቱ ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ ነው ልብ ዝግ የሚለው። አማርኛ ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። «እፎይ» የሚለውን ቃል አሁን በሉት እስኪ። ቃሉ ራሱ ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ሳይተነፍሱ ሊሉት አይቻልም።

መድኃኒት ለሚያስፈልገውም መድኃኒት አለ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ዓይነት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጠው ዳያዜፓም ግን በአንድ ሌሊት ያስተኛል፤ ክፉነቱም እዚያው ላይ ነው፣ ሰውነት ቶሎ ይለምደውና ያለ እሱ አልተኛም ይላል። ተራ ሐሳብ ከሕመም የሚለየው በመጠኑና በዕድሜው ነው። ለስድስት ወር ያህል አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ ሥራ ካስቀረ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ የሐኪም ጉዳይ ሆኗል። ሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያንኑ ዕለት ሰው ይዞ መሄድ ነው።

ስለ ቡና በባለ ቡናዋ ፊት ለመጻፍ እየተሳቀቅኩ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ከሰው ጋር መቀመጥ የሚያረጋጋ ነገር ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚሰማበት እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት ሌላ የትም አይገኝም። ሲኒው ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ተቃራኒውን ይሠራል። ሰውነታችን ግማሹን ለማስወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ እዚያው አለ። ሥርዓቱን ይዞ ሲኒውን መቀነስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረካውን በቄጤማው ላይ ቁጭ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህን ስነግራት «አንተ ደግሞ ገበያዬን ልትገድል ነው!» አለችኝ።

ደብተር የማይዘጋው ሐሳብም አለ። ያንን ለማየት ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ውጪ አንድ ምሽት መቆም ነው። ተጓዥ ያልሆነ ስለማይገባ ሸኚው ሁሉ ደጅ ነው። ሸራ ጫማ ተጫምታ፣ አዲስ ሻንጣ ይዛ፣ ወረቀቷን በላስቲክ ከረጢት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ እግር ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ይህን ጉዞ ከልክሎ በ2010 ዓ.ም. መልሶ ፈቅዶታል፤ በከለከለበት ጊዜም ሰው በሌላ በር ሄዷል። ልጅቷ ስትገባ እናቲቱ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው የመስተዋቱ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። አንዲት የማታውቃት ሴት፣ እሷም ልጇን ሸኝታ፣ መጥታ ክንዷን ያዘች። ሁለቱም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ከዚህ ተርሚናል ተነሥቶ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የበረረው ኢቲ 302 ከ157 ሰው ጋር ቢሾፍቱ አካባቢ ከወደቀ ወዲህ «ደረስኩ» የምትለዋን ስልክ የማይጠብቅ ሸኚ ያለ አይመስለኝም። አውሮፕላን ከቀለበት መንገዱ እጅግ የሚሻል መሆኑን ቁጥር ያሳያል። ግን ለእናት ቁጥር ምኗ ነው? የእሷ ጭንቀት ሕመም አይደለም፤ ፍቅር ነው። እዚህ ቦታ ላይ «አታስቢ» ማለት ልጅሽን እርሺ እንደ ማለት ነው። ያች የማታውቃት ሴት አታስቢ አላለቻትም። ዝም ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

ዚምባብዌ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሐኪም፣ ዲክሰን ቺባንዳ፣ ከ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ይህንኑ ሥራ አድርጎታል። ሐኪም አልበቃ ሲለው የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያዎች ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ጭንቀት የያዘው ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል፤ አያቲቱ ታዳምጣለች፣ ከችግሮቹ አንዱን ብቻ ታስመርጠውና መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። በሾና ቋንቋ ሕመሙን የሚጠሩበት ቃል ትርጉሙ «ማሰብ ማብዛት» ነው። እነሱም ጋ ሐሳብ ነው ማለት ነው። 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2016 እንደ አውሮፓውያኑ ሲታተም አያቶቹ ያዳመጧቸው ሰዎች ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው ተገኘ።

እኛ አግዳሚው ነበረን። ዕድር ነበረን፣ ሲኒ ለሲኒ የሚጠራራ ጎረቤት ነበረን። ሰው ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ተነሥቶ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ውኃውንም መብራቱንም ሲያገኝ ያጣው ይህን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና የሚያፈላ ሰው ጢሱ ለማን ይደርሳል? ብዙዎች ዛሬም የወር መዋጮ ለመክፈል ሁለት ታክሲ ቀይረው ወደ ድሮው ሰፈር ዕድር ይሄዳሉ። ይህ ለቀብር ድንኳን ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል» የሚለውን ሒሳብ የሚዘጋው ያ ደረሰኝ ነው።

ጸበሉንም አልረሳሁትም። እሑድ ጠዋት ቦሌ መድኃኔዓለም ግቢ ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ይዞ የሚቆም ሰው ብዛት፣ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ምዕመን፣ ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ ትከሻው ወርዶ የሚታየው ጎልማሳ፣ እነዚህን ሁሉ ከሐኪም ጋር ማጣላት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ሹፌሩ ግን «ጠዋት ጸበሌን፣ ማታ ኪኒኔን» ይላል። ካህኑም ሐኪሙም ይህን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አልተቆጡትም። እኔን የሚያሳስበኝ ኪኒኑን ጣል የተባለ ቀን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ዘመድ ሸኝቼ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ ራይድ ጠራሁ። ቪትዟ መጣች፤ እሱ ራሱ ነው። ስልኩ መንገድ ሲያሳየው አየሁት፤ በቀለበት መንገድ ይላል። ልቀይርልህ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ገባ። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። የመጀመሪያውን መውጫ አለፍን። አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም። በጭንቅ የሚሄድ አንድ ሲኖትራክ አጠገባችን ጥሩምባውን ነፋ፤ ትከሻው ላይ የሆነ ነገር ሲነሣ አየሁ። ከዚያ በአፉ ረጅም አድርጎ አወጣው፣ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው።

«ስንት መውጫ ነው እስካሁን?» አልኩት ትንሽ ቆይቼ።

«አልቆጠርኩም» አለ።

ገርጂ መግቢያ ላይ አወረደኝ። ባለ ቡናዋ ሸራዋን እያጠፈች ነበር፤ ደብተሩ በርጩማው ላይ ተከፍቶ፣ እስክሪብቶው መሃሉ ላይ ተጋድሟል። የልጁ ሳል አጠገብ ጭረት ተደርጎበታል። «ወንድሜ አልደወለም» የሚለው እንዳለ ነው።